ዝቅ ያለች መኪና

በሐረሪ ክልል ወደ ድሬ ጠያራ ገጠር ቀበሌዎች በሚወስደው ኮረኮንች በአጭር ሞላ ዝቅ ያለች ስፖርት መኪና የሚነዳ ሰው ምስጋና ይገባዋል፤ ጠጠሩን አንድ በአንድ በመኪናው ሆድ እየቆጠረ የመንገድ ጥናት በነጻ ይሠራልና። «ዝቅ ስትል መንገድ ትይዛለች» ይሉናል። እውነት ነው፣ አስፋልቱ ለጥ ያለ ከሆነ። ኮረኮንች ላይ ግን ደረቅ ሞላ ጎማውን ከመሬት ያነጥረዋል፤ አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ምንም አይይዝም። «ሾክ አብዞርበሩ በቁልፍ ይስተካከላል እኮ!» ይስተካከላል፤ ያጠብቃል፣ ያላላል፣ የቀነሱትን የሞላ ርዝመት ግን አይመልስም። ፈረንሳዮች በ1960 እ.ኤ.አ. ያወጧት፣ ሐረር በታክሲነት ያስረጀቻት ፔጆ 404 ግን በአራቱም እግሯ ረጅምና ለስላሳ ሞላ ይዛ፣ ማንም ሳያስተካክላት ታልፋለች። የግድ ካላችሁ፣ ሞላ በቀየራችሁ ማግስት የጎማ አላይመንት አሠሩ፤ አለዚያ አዲሱ ጎማ በአንድ ጎኑ ተበልቶ ያልቃል።