በሁለት ሐይቅ መሃል ውሃ ጥም

"የእግዜር ድልድይ" ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ በዓይኔ የሚመጣው አንድ ነገር ነበር፦ ከወዲያና ከወዲህ ተነስቶ አናቱ ላይ የተጋጠመ፣ ከሥሩ ውሃ የሚያልፍበት የድንጋይ ቅስት። ከአርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር፣ ከሴቻ አፋፍ ቆሜ ቁልቁል ሳይ ቅስት የለም። በግራ አባያ፣ በቀኝ ጫሞ፣ በመሃላቸው ቁጥቋጦ የለበሰ የመሬት ወገብ ብቻ።

"ድልድዩ የታለ?" አልኩት ወዳጄን።

"በእግርህ ስትሄድበት ይገባሃል።"

ሐሳባችን ደርሶ መልስ ነበር፤ ወገቡን አቋርጠን ነጭ ሳር ሜዳ ላይ የሜዳ አህያ አይተን ልንመለስ። ሜዳውን የጓጓሁለት ግን በአንዲት ወፍ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች እዚያ መንገድ ላይ የሞተች ወፍ ክንፍ አገኙ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያች አንዲት ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች። ያን መንገድ በእግሬ ልረግጠው ፈለግሁ።

ንጋት 12 ሰዓት ይመጣል የተባለው መኪና ቀረ። በባጃጅ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ስንነሳ 4 ሰዓት ሆኗል። ጠመንጃቸውን ያነገቱት የነጭ ሳር ፓርክ ስካውት ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩና "ረፍዶባችኋል ልጆቼ" አሉ። መመለስ የነበረብን ያኔ ነው፤ እኛ ግን ቀጠልን።

ደኑ ውስጥ ጥላ አለ፣ ጉሬዛ አለ። የቁልፎን ወንዝ ከተሻገርን በኋላ ግን ጥቁር ድንጋይና ግራር ነው። ድንጋዩ ከሥር ይጋግራል፣ ፀሐይዋ ከላይ። ሰባት ሰዓት ላይ የቀኝ ጫማዬ ሶል ከፊቱ ተገንጥሎ እንደ ምላስ ተንጠለጠለ። ስካውቱ ጋሼ ምንም ሳይናገሩ አንድ ቁጥቋጦ ቆረጡ፣ ቅርፊቱን በጥርሳቸው ያዝ አድርገው ወደ ታች ሳቡት፤ ረዥም እርጥብ ልጥ ወጣ። እግሬን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ሦስት ዙር ጠፍረው አሰሩልኝ።

ውሃችን ያለቀው እዚያው ነው። ባዶ ሃይላንድ ይዤ ሁለቱን ሐይቆች አየሁ። አባያ የብላቴ ወንዝና ሌሎች ወንዞች ያወረዱበትን ደለል ተሸክሞ የሸክላ መልክ አለው፤ ጫሞ ሰማይ ይመስላል። ይህን ያህል ተጠጋግተው መልካቸው አይገናኝም። ያኔ ነው ስሙ የገባኝ፤ የቆምኩበት መሬት ነው ድልድዩ፣ የሚያልፈው ግን ሰው እንጂ ውሃ አይደለም። ወርደን እንዳንጠጣ ዳሩን አዞ ይጠብቀዋል።

ሜዳው ሳይታየን ዞርን። ወዳጄ ማላቡን ሲያቆም ፈራሁ። ደኑ ጠርዝ ላይ እንጨት የተሸከሙ ሦስት እናቶች አገኙን። አንዷ ሸክሟን ሳታወርድ ጎንበስ ብላ ከወገቧ ትንሽ ጀሪካን ፈታችና "ለሱ አስቀድሙለት" አለች። ጎንጨት ጎንጨት እያደረገ ጠጣ። እንጨቱ ከደኑ መሆኑን አውቃለሁ፤ ምንጮቹ የሚፈልቁት ከዚያው ደን ሥር ነውና ደኑ ሲሳሳ ያሳስበኛል። እሷን ግን ልወቅሳት አልችልም። ያን ሸክም ተሸክማ በየቀኑ ያን መንገድ የምትመላለሰው ሌላ ማገዶ ስላጣች ነው፤ ለሷ ማገዶ ያላቀረበ ከተማ ደኑን ጠበቅሁ ማለት አይችልም።

ምንጩ ጋ ስንደርስ ሊመሽ ነበር። በደረታችን ተኝተን ጠጣን። ጋሼ ግን ከመጠጣታቸው በፊት የደረቀውን ልጥ ከጫማዬ ፈቱና ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ዘፈዘፉት። የሴቻ ዳገት ገና ይቀረን ነበር።