ዘንዶው በባዶ እጅ፣ ሻዩ በመከራ

ሥዕል በሌለው፣ ድምፅ በሌለው፣ ጽሑፍ ብቻ በሆነ የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ዘንዶ መግደል ቀላል ነው። «ዘንዶውን ግደል» ብሎ መጻፍ ነው። ዊል ክራውዘር ጀምሮት ዶን ዉድስ በ1977 ባስፋፋው «አድቬንቸር» በተሰኘው የዋሻ ጨዋታ ላይ ማሽኑ ትንሽ ያሽሟጥጣል፤ በምን ልትገድለው ነው፣ በባዶ እጅህ ነው እንዴ ይላል። ተጫዋቹ አፍሮ ዘወር በማለት ፈንታ «አዎ» ብሎ ቢጽፍ ዘንዶው እዚያው ክልትው ይላል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ይቅር ይበለኝና፣ እሱ እንኳ ፈረስና ጦር አስፈልጎታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

እስቲ በዚሁ ዓይነት ጨዋታ ውስጥ ደግሞ «ሻይ አፍላ» ብላችሁ ጻፉ። ማፍላት የሚባል ነገር አላውቅም ትባላላችሁ። ጠባችን እዚህ ላይ ነው።

በዚህ ወገን ያለሁት እኔ ነኝ። በዚያ ወገን የጎረቤቴ ልጅ አለ። ጨዋታው ውስጥ አስማተኛ ስለሆነ «ጠንቋዩ» እለዋለሁ፤ እሱ «እትዬ» ይለኛል። ከዚያ ወዲያ መከባበር የለም።

«እትዬ፣ በራድ ገዛሁ።»

«የት?»

«ጨዋታው ውስጥ፣ ከተማው ገበያ።»

«እሰይ። ውሃ ቅዳበት።»

«ከምንጩ ቀዳሁ።»

«ጣደው።»

«መጣድ የሚባል የለም።»

«አንተ የእሳት ኳስ ትወረውር የለም እንዴ?»

«እሱ ለሰው ነው።»

ለሰው እሳት አለ፣ ለሻይ የለም። የእኛ ሰፈር ጠንቋይ እንኳ ቡና ሳይፈላ ሥራ አይጀምርም።

እንግዲያው ኮዱን አሳየኝ አልኩት። የሚጫወትበት ዓለም የተሠራው በ1993 በወጣው፣ ሰርክልመድ በተባለው የጽሑፍ ጨዋታ ኮድ ላይ ነው፤ ሰርክልመድ ደግሞ የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከጻፉት ከዲኩመድ የወረደ ነው። የዘር ሐረጉ ጥሩ ነው፤ ጋብቻ ቢሆን አልቃወምም ነበር። በዚህ ዓለም በራድም ሆነ ኮዳ፣ በርሜልም ሆነ ዋንጫ፣ መጠጥ የሚይዝ ዕቃ ሁሉ በአራት ቁጥር ይታወቃል። ስንት ይይዛል፣ አሁን ስንት ቀርቶታል፣ ውስጡ ያለው ምንድን ነው፣ ተመርዟል ወይስ አልተመረዘም። በቃ። ሙቀት የሚባል አምስተኛ ቁጥር የለም። በራዱ መመረዙን ያውቃል፣ መፍላቱን አያውቅም። ይህ የማዕድ ቤት ዕቃ አይደለም፣ የቤተ መንግሥት ዕቃ ነው።

«ጥሩ ጎኑንም ይዩት እንጂ እትዬ፤ ቡናው መቶ ዓመት ቢቀመጥ አይቀዘቅዝም።»

«ያልሞቀ ምን ብሎ ይቀዘቅዛል?»

ቀጥሎ የመጠጦቹን ሰንጠረዥ ከፈተልኝ፤ ይህን ባያደርግ ይሻለው ነበር። እያንዳንዱ መጠጥ ሦስት ቁጥር አለው፤ ምን ያህል ያሰክራል፣ ምን ያህል ያጠግባል፣ ምን ያህል ጥም ይቆርጣል። ውስኪው ብቻውን 6 ስካር ይዞ ተቀምጧል፤ ይሁን፣ ሥራው ነው። ሻይ፦ 0፣ 1፣ 6። ቡና፦ 0፣ 1፣ 6። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁ። ያው 0፣ 1፣ 6።

«ለማቅለል ነው እትዬ።»

«እንዲህ እያቀለልክ ነገ እናትህንና የቤት አከራይህን በአንድ ቁጥር ትጽፋቸዋለህ።»

ሰንጠረዡ ላይ ወተት ይቀድማል፣ ከወተት ቀጥሎ ሻይ፣ ከሻይ ቀጥሎ ቡና፣ ከቡና ቀጥሎ ደም። አዎ፣ ደም፤ የሚጠጣ። የዴንማርክ ልጆች «ቡና ያለ ቡና ቁርስ አይሆንም» ሲባል ሰምተው መሆን አለበት፤ ምን ዓይነት ቁርስ እንደሆነ ግን የነገራቸው የለም።

ወተት ካለ እንግዲህ ሻይ በወተት አድርግልኝ አልኩት። ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ለመገልበጥ ሞከረ። ማሽኑ እምቢ አለ፤ ውስጡ ሌላ ፈሳሽ ስላለ አይቀላቀልም ባይ ነው። ማኪያቶ የለም ማለት ነው። ስፕሪስም የለም። እዚህ ላይ ነው የያዝኩት፤ ሻይና ቡና ቁጥራቸው አንድ ከሆነ ለምን አይቀላቀሉም? የማይቀላቀሉ ከሆነስ ማን አንድ ቁጥር ሰጣቸው? ጠንቋዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። ዝምታው ደስ ስላለኝ ቡናውን ጠጥተህ «ተኛ» ብለህ ጻፍ አልኩት። ጠጣ፣ ጻፈ፣ ወዲያው ተኛ። ገብስ ቆልተው ነው የሸጡለት።

አንድ ዙር ግን እሱ አሸንፎኛል፤ አልደብቅም። በዚህ ዓለም አንድ ሰዓት የእኛ 75 ሰከንድ ነው። ቀኑ በግማሽ ሰዓት ያልቃል፤ ወሩ 35 ቀን፣ ዓመቱ 17 ወር ነው፤ በ13 ወራችን የሚገረም ፈረንጅ ካለ ወደዚህ ላኩት። ታዲያ አንድ ተኩል ሰዓት የሚወስደውን የእኔን ቡና እዚያ ላፍላ ብል አቦሉ ሰኞ ቀርቦ ቶናው ማክሰኞ፣ በረካው ረቡዕ ሊደርስ ነው።

«እንግዳ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጦ ቡና ይጠጣል?» አልኩት።

«እርስዎ ቤት የመጣ ሰው መቼ ከዚያ ቀድሞ ወጥቶ ያውቃል?»

ምን ይመለሳል? አልፌዋለሁ።

ለሻይ ክብር የሰጠ ጨዋታ ግን አለ ብሎ የተከራከረኝም እሱ ነው፤ እውነቱን ነው። ዳግላስ አዳምስ የራሱን መጽሐፍ ከስቲቭ ሜረትስኪ ጋር ወደ ጽሑፍ ጨዋታ ለውጦት ኢንፎኮም የተባለው ኩባንያ በ1984 ያወጣው ነው፤ «ዘ ሂችሃይከርስ ጋይድ ቱ ዘ ጋላክሲ»። ድርጊቱ በአስማተኛ አገር ሳይሆን በጠፈር ነው፤ ባለታሪኩ የቤት ካፖርቱን ደርቦ ከምድር ጥፋት ያመለጠ እንግሊዛዊ ነው፤ ዓለሙ ሁሉ ጠፍቶበት የሚቆጨው ሻይ ነው። የያዝከውን ንገረኝ ሲባል ማሽኑ ከያዛቸው ዕቃዎች ጋር «ሻይ የለም» የሚባል አንድ ዕቃ ይቆጥርለታል። የለም የተባለው ነገር ዕቃ ሆኖ በእጅ ይያዛል! በመርከቡ ላይ ያለው ማሽን ሻይ ሲጠየቅ ሻይን የማይመስል ነገር እየቀዳ ያቀርባል። እውነተኛውን ሻይ ለማግኘት የማሽኑን ሰሌዳ በሌላ መተካት አለ። ሻዩ ከተገኘ በኋላም አንዲት በር፣ ብልህ መሆንህን ካላሳየኸኝ አልከፈትም ትላለች፤ ማሳያው ሻይና «ሻይ የለም»ን ባንድ ጊዜ መያዝ ነው። ለዚህ ደግሞ ተጫዋቹ ወደ ገዛ ጭንቅላቱ ገብቶ ማስተዋሉን ነቅሎ ማውጣት አለበት።

«ከዚህ በላይ ረቂቅ እንቆቅልሽ አይተው ያውቃሉ?» አለኝ ጠንቋዩ።

ስኳር ይዞ «ስኳር የለም» ማለትን እኛ ሰፈር ያለ ባለሱቅ ሁሉ ጭንቅላቱን ሳይከፍት ነው ያለፈው።

የጨዋታው ሳጥን ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታይ የጠፈር ጦር ነው ተብሎ ባዶ ፌስታል ታሽጎ ይሸጥ ነበር። መርካቶ እንኳ ባዶ ፌስታል ሲሸጥ ፌስታል ነው ብሎ ነው። ያም ሆኖ እኒያን ሰዎች እወዳቸዋለሁ፤ ሻይ ከባድ ነገር መሆኑ ገብቷቸዋል። መግደልን አንድ ቃል፣ ሻይን ግን አንድ ሙሉ ጨዋታ ሰጥተውታል።

ወደ በራዱ ልመለስ። የዓለሙ አስተዳዳሪ ከፈቀደ ሰው የራሱን ዕቃ ጽፎ ማስገባት ይችላል፤ ጠንቋዩም እልህ ያዘውና እሳት የሚያውቅ በራድ ራሱ ጻፈ። ለምረቃው ተጠራሁ። «ውሃ ቅዳ» ብሎ ጻፈ፤ ክዳኑ ዝግ ነው ተባለ። ከፈተ፣ ቀዳ፣ ጣደ። «ሻይ ቅጠል ጨምር» አለ፤ በእጅህ የለም ተባለ። ከረጢት ውስጥ ነው። ከረጢቱም ዝግ ነው። ከረጢቱን ሲፈታ፣ ቅጠሉን ሲያወጣ፣ ስኳሩን ከሥር ሲፈልግ አንድ ወንበዴ ከሰሜን በኩል ገባና በጎራዴ ደጋግሞ መታው። ሞተ። ሬሳው አጠገብ በራዱ እየፈላ ቀረ፤ ይህን አልክድም፣ ፈልቷል።

«ወንበዴውን በባዶ እጅ አትለውም ነበር?»

«እጄ መች ባዶ ነበር? ስኳር ይዣለሁ።»

እሺ፣ ሻዩ ይቅር፣ ቡናውን ብቻዬን ስለማልጠጣ ጎረቤት መጥራት ይቻላል ወይ አልኩት።

«ይቻላል። ከሩቅ ለመጣራት ግን 20 የጉልበት ነጥብ ይቀነስብዎታል።»

«ውድ ነው።»

«ሐሜት ግን በነጻ ነው።»

«ምን አልክ?»

«ሐሜት የሚባል ትእዛዝ አለ። አንዴ ከጻፉት ጆሮውን ከዘጋው በቀር በዓለሙ ውስጥ ያለ ተጫዋች ሁሉ ይሰማዎታል።»

ልብ በሉልኝ፤ ለሐሜት ትእዛዝ ተጽፎለታል፣ ለሙቀት አንድ ቁጥር ጠፍቷል።

«ታዲያ ይህን ደብቀህ ነው ስለ በራድ ስታደርቀኝ የከረምከው? ቀዝቃዛውን ቅዳልኝና ጀምር።»