በገላን ጌም ቤቶች የተደበቁ ዕቃዎችን ስለ መሰብሰብ፦ መጠነኛ ጥናት

የሰው ልጅ የጠፋበትን ዕቃ እንደሚፈልግ የታወቀ ነው። ያልጠፋበትን፣ የእሱም ያልሆነውን፣ ቢያገኘው እንኳ ይዞት ወደ ቤቱ የማይገባውን ዕቃ ለመፈለግ በደቂቃ ሒሳብ እየከፈለ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ግን ምሁራን ዝም ብለው አልፈውታል። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የተዘጋጀ ነው። ክፍተቱ እንዲሞላ የጠየቀ አካል የለም።

የጥናቱ ወሰን

ገላን ከቃሊቲ ወጥቶ ወደ ዱከም የሚሄድ መንገደኛ በመስኮት የሚያያት ከተማ ናት። በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ፋብሪካ፣ መጋዘንና ተራ የሚጠብቅ ከባድ መኪና ይታያል፤ ገባ ሲሉ ደግሞ መኖሪያ፣ ሱቅ፣ ጀበና ቡና እና ጌም ቤት። ጌም ቤት ማለት በሩ ላይ መጋረጃ ያለው ክፍል ነው፤ መጋረጃው የተሰቀለው ፀሐይ ለመከላከል ነው ቢባልም ፀሐይ በማይመጣበት አቅጣጫም ይሰቀላል። ውስጡ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ በፕላስተር የተጠገነ ጆይስቲክ፣ አግዳሚ ወንበርና «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ሥራው በሦስት ቋንቋ ይካሄዳል፤ ቆጠራው በኦሮምኛ፣ ብሽሽቁ በአማርኛ፣ ሚሽኑ በእንግሊዝኛ።

እዚህ ቤት ሁለት ዓይነት ሕዝብ አለ። የመጀመሪያው ኳስ ተጫዋቹ ነው። ፊፋ ለሁለት ይገባሉ፣ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሳል፣ ነገሩ ያልቃል፤ ለሳይንስ የሚተርፍ ነገር የለውም። ጥናቱ ያተኮረው በሁለተኛው ላይ ነው፦ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ከፍቶ፣ ሚሽኑን ትቶ፣ ማንንም ሳያሸንፍ በማንም ሳይሸነፍ ጣሪያ ለጣሪያ የሚዞረው። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለዱ ልጆች አሁን ፂም አላቸው፤ ጌሙ ግን ገና አላለቀም።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለንጽጽር ተካተዋል። አራቱም አዲስ አበባን ከበው የተቀመጡ ሲሆኑ፣ አንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው በአብዛኛው አዲስ አበባን አቋርጦ ነው፤ ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ፣ ገላን በአዳማ መንገድ። የሳን አንድሪያስ ካርታ ከዚህ ብዙም አይለይም። እዚያም ከከተማ ወደ ከተማ መሻገር እስኪፈቀድ ድረስ ቀድሞ የተሻገረ ሰው አራት ኮከብ ፖሊስ ይከተለዋል። በእኛ በኩል ያለው ክፍያ የታክሲ ብቻ ነው።

ታሪካዊ ዳራ

ዕቃ መደበቅ ዝናውን ያገኘው ከአለቃ ጋር ከተፈጠረ ቅሬታ ነው። አታሪ የተባለው ኩባንያ የጌም ሠሪዎቹ ስም እንዲታወቅ አይፈልግም ነበር። ዋረን ሮቢኔት የተባለ ሠራተኛው እ.ኤ.አ. በ1980 ገበያ ላይ በዋለው «አድቬንቸር» ውስጥ አንድ ስውር ክፍል ሠርቶ ስሙን እዚያ ጻፈ። ወደ ክፍሉ የምታስገባው ነገር ከጀርባዋ ቀለም ጋር የምትመሳሰል አንዲት ግራጫ ነጥብ ነበረች። ሮቢኔት ይህን ሠርቶ፣ ለማንም ትንፍሽ ሳይል፣ ሥራውን ለቀቀ። ነገሩ የታወቀው አንድ የ15 ዓመት ልጅ ከሶልት ሌክ ሲቲ ለኩባንያው ደብዳቤ ሲጽፍ ነው። አታሪም አላፈረም፤ ወደፊትም እንዲህ ያለ ነገር ይደበቅ፣ ደንበኛ ይወዳል አለ። የሠራተኛ ብሶት የሽያጭ ዘዴ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው ባይሆንም ከጥሩዎቹ አንዱ ነው።

ከዚያም በፊት የተደበቀ አለ። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ስታርሺፕ ዋን» ውስጥ ሠሪው «ሃይ ሮን» የሚል ሰላምታ ለራሱ ሸሽጎ ነበር። የተገኘው በ2017 ነው። ሰላምታ 40 ዓመት ምላሽ ሳያገኝ መቆየቱ በአገራችን ደንብ ሽማግሌ የሚያስልክ ጉዳይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የቁጥር መናር ታሪክ ነው። ጂቲኤ ሦስት እ.ኤ.አ. በ2001፣ ቫይስ ሲቲ በ2002፣ እያንዳንዳቸው 100 ጥቅል ደበቁ፤ ይህ ገና ጨዋነት ነበር። በ2007 የወጣው የመጀመሪያው አሳሲንስ ክሪድ 420 ባንዲራ በየሰገነቱ ተከለ። ሁሉንም በፕሌይስቴሽን 3 ለሰበሰበ ሰው የተሰጠው ሽልማት ባንዲራዎቹን መሰብሰቡ ራሱ ነበር። የዜልዳው «ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» በ2017 900 የደን ፍጡራን ደብቆ፣ ሁሉንም ላገኘ በወርቅ ቀለም የተሠራ፣ ቅርጹ የታወቀ፣ በጋዜጣ ሊጻፍ የማይገባው ነገር አበረከተ። የጌም ሠሪ ስለ ደንበኛው ያለውን አስተያየት ከዚህ በላይ ግልጽ ሊያደርግ አይችልም።

የሌለ ነገር ችግር

ሳን አንድሪያስ 250 ነገር ደብቋል። በሎስ ሳንቶስ 100 የግድግዳ ጽሑፍ አለ፣ በቀለም ይሸፈናል። በሳን ፊዬሮ 50 ፎቶ ይነሳል። በላስ ቬንቹራስ 50 የፈረስ ኮቴ ብረት ይለቀማል። በየውኃው ሥር ደግሞ 50 ዛጎል ተበትኗል። ካርታው አንዱንም አያሳይም። ቁጥር ብቻ ይነግራል፦ ይህን ያህል ከ50።

ከአራቱ የግድግዳው ጽሑፍ ሰብአዊ ነው። አንዴ ቀለም የተቀባ ግድግዳ እንደተቀባ ይቆያል፤ ሰው ተመልሶ ሄዶ «ይህቺን ሠርቻታለሁ» ሊል ይችላል። የፈረስ ኮቴው ግን ሲወሰድ ይጠፋል። አንባቢ እዚህ ላይ እንዲያስብበት እንጠይቃለን። 49 ወስደሃል፤ አንድ ቀርታለች። አንድ ጣሪያ ላይ ወጣህ፤ ምንም የለም። ምንም ያልኖረው ስለወሰድካት ነው? ከመጀመሪያውም እዚያ ስላልነበረች ነው? ወይስ የቆምከው የጎረቤት ጣሪያ ላይ ነው? ሦስቱም ለዓይን አንድ ናቸው፤ ባዶ ጣሪያ ነው። የሌለ ነገር ለምን እንደሌለ ማወቅ ለፈላስፋም ይከብዳል፣ ያውም ሳይከፍል ለሚቀመጥ ፈላስፋ። ንግሥት እሌኒ እንኳ መስቀሉን ስትፈልግ ኪራኮስ የሚባል ሽማግሌ ነበራት፤ የደመራውም ጭስ ነበራት። የገላን ልጅ ያለው ጊዜው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ የቀረው ጆይስቲክ ነው።

እንግዲህ ይህ ችግር ጌሙ ለታሰበለት ሰው ነው፦ ኮንሶሉ የራሱ ለሆነ፣ ሌሊቱ የራሱ ለሆነ፣ ሲደክመው ዘግቶ ለሚተኛ። የጌም ቤቱ ሜሞሪ ግን የጋራ ነው። የፕሌይስቴሽን 2 ሜሞሪ ካርድ 8 ሜጋባይት ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ ላይ የፊፋ ሊግ አለ፣ ሬስሊንግ አለ፣ ማንም የማያውቀው ግን ማንም ለማጥፋት የማይደፍረው ፋይል አለ። ለሳን አንድሪያስ የሚተርፈው ቦታ ለሰፈሩ ሁሉ ነው። በዚህ ምክንያት ዛሬ 30 የፈረስ ኮቴ ላይ ያቆመ ልጅ ነገ ሲመጣ 34 ያገኛል። አራቱን ማን ወሰዳቸው? የወሰደው ሰው ውለታ ዋለ ወይስ ሰረቀ? በዚህ ላይ በጌም ቤቱ ሁለት የሕግ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ክርክራቸው አንዳንዴ ወደ ውጭ ይወጣል።

የአጥኚው አቋም ገላን ስብስቡን ደቦ አድርጋዋለች የሚል ነው። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀጥላል፤ የወጣው ሥራ የሁሉም ነው። ደቦነቱ ግን የባዶ ጣሪያውን ችግር አባብሶታል። የት የት እንደተወሰደ የሚያውቀው አንድ ራስ ሳይሆን የብዙ ሰው ራስ ነው፤ ሃያ ሰባተኛውን የወሰደው ልጅ ደግሞ አሁን ሐዋሳ ነው ያለው።

መብራትም አለ። ሳን አንድሪያስ በራሱ ምንም አያስቀምጥም። ሴቭ ለማድረግ የጌሙ ባለታሪክ ሲጄ ቤቱ መድረስ አለበት። ዛጎል ለቃሚ ከባሕር ሥር ወጥቶ፣ ዋኝቶ፣ መኪና ነጥቆ፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲደርስ መብራት ከሄደ የለቀመው ሁሉ ወደ ባሕር ይመለሳል። ባለ ጌም ቤቱ ቀሪውን ደቂቃ በደብተር ይይዝለታል፤ ዛጎሉን የሚይዝለት ደብተር የለም። በአግዳሚው ላይ ያለው እምነት መብራቱ የሚሄደው ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲደረስ ብቻ ነው የሚል ነው። አጥኚው ይህን ማስተባበል አልቻለም።

የሽልማት ምጣኔ ሀብት

ሳን አንድሪያስን መቶ በመቶ ለጨረሰ ሰው ቤቱ አጠገብ ታንክና ተዋጊ ጄት ይቆምለታል። ነገር ግን ያው ታንክ በኮድ ይመጣል። ክብ፣ ክብ፣ ኤል አንድ እያለ የሚጀምረው ኮድ 12 ጊዜ መጫን ብቻ ይጠይቃል፤ በብዙ ጌም ቤት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ በብዙ የሒሳብ ደብተር የመጨረሻ ገጽም ይገኛል። እንደ ምጣኔ ሀብት ሕግ ከሆነ አንድ ሰው በ12 ጭነት የሚያገኘውን ነገር በወራት ድካም አይገዛም። ስለዚህ ሰብሳቢው ታንኩን ፈልጎ አይደለም።

ታዲያ ምን ፈልጎ ነው? ጥናቱ የደረሰበት መልስ አጭር ነው፤ ሌላው ሲፈልግ ከኋላው ቆሞ «እዚያ አይደለም» ለማለት። ኮድ የሚያውቅ ልጅ ብዙ ነው። የት እንዳለ የሚያውቅ ልጅ ግን አግዳሚው ላይ ቦታ ይለቀቅለታል፤ ለስላሳ ይጋበዛል፤ ከእሱ በዕድሜ የሚበልጡት ፋብሪካ ሠራተኞች ከሽፍት ሲወጡ ስሙን ጠርተው ይፈልጉታል። ክፍያ ሳይከፍል ሙሉ ቀን የሚውልበት ጌም ቤት አለው። ለመደበኛ ሥራም ከዚህ ያነሰ ጥቅማ ጥቅም የሚሰጡ ቀጣሪዎች አሉ።

ዕውቀቱ የሚተላለፈው በቃል ነው፤ የሚጓዘውም በዘመድ ነው። ክረምት ላይ ከሱሉልታ አክስቱ ዘንድ የመጣ ልጅ ገላን ውስጥ የማይታወቁ ሁለት ዛጎሎችን ይዞ ይመጣል። የቡራዩ ልጅ ለሠርግ መጥቶ አንድ ጣሪያ ያሳይና ይሄዳል። ከሰበታ የሚመጣው መረጃ ግን ብዙ ጊዜ በትዕቢት የተሸፈነ ነው፤ ለምን እንደሆነ ሌላ ጥናት ይጠይቃል።

በቃል የሚተላለፍ ነገር ሁሉ ሲያልፍ ይወፍራል። ማውንት ቺሊያድ በተባለው ተራራ ላይ ጸጉራም ግዙፍ ፍጡር አለ የሚለው ወሬ ሠሪዎቹ የለም ብለው ከተናገሩ በኋላም በአራቱም ከተሞች ያየው ሰው አለ፤ ያየው ሰው ሁልጊዜ የአጎት ልጅ ነው። በሳን ፊዬሮ ትልቁ ድልድይ ጫፍ ላይ ደግሞ እዚህ ምንም የተደበቀ ነገር የለም፣ ሂድ የሚል ማስታወቂያ አለ። ይህ እውነት ነው፤ እዚያ ድረስ የወጣ ሁሉ ያነበዋል። አጥኚው እስካሁን ካያቸው የሕዝብ ማስታወቂያዎች ሁሉ ይዘቱ ሙሉ በሙሉ ትክክል የሆነው ይህ ብቻ ነው። ሦስተኛው ወሬ የሲጄ ሟች እናት በሌሊት ቤቷ ውስጥ ትገለጣለች የሚለው ነው። የሲጄ እናት ስትገለጥ በዓይኑ ያየ አልተገኘም። የሌላ ልጅ እናት ስትገለጥ ግን ያላየ የለም።

ተፎካካሪ ሰብሳቢዎች

በገላን ከማንም የላቁት ሰብሳቢዎች እናቶች ናቸው። የሚፈልጉት ነገር ተንቀሳቃሽ ነው፤ ሲፈለግ ይደበቃል፤ ከአንዱ ጌም ቤት ወደ ሌላው ይሸሻል፤ ካርታ የለውም። ሆኖም ይገኛል። ዘዴያቸው ቀላል ነው፦ አንድ ታናሽ ወንድም፣ አንድ ከረሜላ፣ ከመጋረጃው ሥር የሚታይ የታወቀ ጫማ።

ጥናቱ በሚካሄድበት ጊዜ አንዲት እናት መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ልጁ ላስ ቬንቹራስ ውስጥ 49 ላይ ነበር። «እማዬ፣ ሴቭ ላድርግና» አለ። ባለ ጌም ቤቱ «እትዬ፣ ሁለት ደቂቃ ነው፣ አረፍ ይበሉ» ብሎ አግዳሚውን በእጁ ጠረገላቸው። ሴቭ ለማድረግ ቤት መድረስ ያስፈልጋል፤ ቤት ለመድረስ መኪና ያስፈልጋል፤ መኪና ለማግኘት ባለቤቱን ከመሪው ጎትቶ ማውጣት ያስፈልጋል። እናትየው ይህን ሁሉ በዝምታ ተመለከቱ። እግረኛ ሲገጭ አማተቡ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግተው «ያቺ እላይ የምትሽከረከረው ምንድን ናት?» ሲሉ ጠየቁ።

አግዳሚው ላይ የነበረው ሁሉ ብድግ አለ።

«እሷን ልውሰድና» አለ ልጁ።

«ሸሽታ አትሄድም፣ ነገ ትወስዳታለህ» አሉና ጆይስቲኩን ከእጁ ተቀብለው ለባለ ጌም ቤቱ አስረከቡ፤ ልጁንም በእጅጌው ይዘው ወጡ። ቀሪ ደቂቃው በደብተር ተያዘለት። ተረኛው ተቀመጠ፤ ፊፋ ሊጫወት የመጣ ልጅ ነበር። ወደ ጣሪያው ወጥቶ ወሰዳት። 50 የፈረስ ኮቴ ላጠናቀቀ ሰው ጌሙ የሚሰጠው ዋና ሽልማት ቁማር ቤት ውስጥ ዕድለኛ መሆን ነው።