ጋሼ እኔ

"ዕድሜ እንደ ማቱሳላ ይስጥህ" ላሉኝ ሁሉ "አሜን!" ማለት እንጂ ሒሳቡን መሥራት ትዝ ብሎኝ አያውቅም። መጽሐፍ ቅዱስ ማቱሳላ 969 ዓመት ኖረ ይላል። በአገራችን ሕግ ደግሞ የጡረታ መውጫው ዕድሜ 60 ነው። ምርቃቱ ከደረሰ እንግዲህ የቀረኝን 909 ዓመት ምን ልበላ ነው?

ነገሩን ያነሳሳብኝ አንድ ወዳጄ ነው። ስልኩ ላይ ፊት የሚያስረጅ አፕ ጭኖ ፎቶዬን አስገባበት። ስክሪኑን ወደኔ ሲያዞረው ቅንድባቸው ሳይቀር የሸበተ፣ ከአገጫቸው ሥር ቆዳቸው የተንጠለጠለ ሽማግሌ አፈጠጡብኝ። "ኖር! ይቀመጡ ጋሼ" ልል ምንም አልቀረኝ። የለበሱት ሸሚዝ የኔ መሆኑን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

አሜሪካኖች ይህን ነገር የምር ይዘውታል። ሃል ኸርሽፊልድ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ወጣቶችን በኮምፒውተር ከተሠራ ያረጀ መልካቸው ጋር ፊት ለፊት አገናኛቸው። ከዚያ "1,000 ዶላር ብታገኙ ምን ታደርጉበታላችሁ?" ተባሉ። ሽበታቸውን ያዩት ለጡረታ የመደቡት ገንዘብ የአሁን መልካቸውን ብቻ ካዩት ከእጥፍ በላይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ነው። ሰውየው እንደሚለው ችግራችን የነገውን ራሳችንን እንደ ባዕድ ማየታችን ነው።

እዚህ ላይ አልስማማም። ለባዕድማ እንዴት እንደምሆን! አውቶቡስ ውስጥ ለማላውቃቸው ሽማግሌ ወንበር እለቃለሁ፤ የአሮጊት ዘንቢል ካየሁ ካልተሸከምኩ ብዬ እሟገታለሁ። በገዛ ጋሼዬ ላይ ግን ያልጫንኩት የለም። ስፖርቱን "ከሰኞ ጀምሮ"፣ ቁጠባውን "ከመስከረም ጀምሮ"፣ ጮማ መቀነሱን "ከፋሲካ በኋላ" እያልኩ ሁሉንም ወደ እሳቸው አስተላልፌያለሁ። በሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር ላይ እኔ እየበላሁ በሳቸው ስም እንደማስመዝገብ ያለ ነው።

ጡረታዋም ብትሆን የኔ ደግነት አይደለችም። አሠሪዬ 11 በመቶ እየጨመረባት እንኳ፣ ከደመወዜ የምትቆረጠውን 7 በመቶ ባየሁ ቁጥር እነጫነጫለሁ። ፈቃዴ ቢጠየቅ ኖሮ እሷም ክትፎ ሆና ነበር።

እድር ላይ ግን ቀልድ የለም። ሰማይ ቢደፋ የወር መዋጮዬን አላሳልፍም። ለቀብሬ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ሁሉ ተሰናድቷል። ስሞት የሚሆነውን እስከ ንፍሮው ድረስ አውቃለሁ፤ ከመሞቴ በፊት ስላሉት የሽምግልና ዓመታት ግን የመከረ ሰው የለም። ለሬሳዬ ያሰብኩትን ያህል ለጋሼ አላሰብኩም።

ከሁሉ የከፋው ቤቱ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሲደርሰኝ በእልልታ ነበር የተቀበልኩት። ነፋሻ ነው፤ ከተማው ከነእንጦጦው ወለል ብሎ ይታያል። ሊፍት የለውም፤ ያኔ ጉልበቴ ሊፍት የት አለ ብሎ አልጠየቀም። ዛሬ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዤ ስወጣ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስልክ የማወራ መስዬ እቆማለሁ። ጋሼ በዚያ ጉልበታቸው ምን መስለው ሊቆሙ ነው?

ፎቶውን የስልኬ ስክሪን ላይ አድርጌዋለሁ። ባለቤቴ አይታው "አባትህ እንዲህ ዓይነት ሸሚዝ ነበራቸው እንዴ?" አለችኝ። ለውጥ የለም አልልም፤ ሻይ ላይ ስኳር ስጨምር ሲያዩኝ አንዷን ማንኪያ እመልሳለሁ። ክትፎ ቤት ስገባ ግን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ነው የምደፋው።

ስለዚህ ጠባዬን ትቼ ቤቱን ልቀይርላቸው ወስኛለሁ። ምድር ላይ የሚኖር፣ ነፋሻ አየር የሚወድና በጉልበቱ የሚተማመን አንባቢ ካለ በአራተኛ ፎቅ መቀያየር እንችላለን። ዋጋው በስምምነት ነው። ደላላ እንዳይደውል።