ጅብን ሲወጉ በአህያ ይጠጉ

የዋሽንግተንን ብልህነት የሚጠራጠሩ ሰዎች ይገርሙኛል። ቤቱን ከሌባ ማስጠበቅ የፈለገ ሰው፣ ሰማንያ ዓመት ያህል እዚያው ቤት ከከረመ ሌባ የተሻለ ዘበኛ ከየት ያገኛል? መውጫ መግቢያውን ያውቃል፤ ጓዳውን ያውቃል፤ የተረፈ ዕቃ ካለም የት እንዳለ ያውቃል። ፈረንሳይ ቬትናምን ጨምሮ ቅኝ በገዛቻት ኢንዶቻይና ለነጻነት ዘበኝነት የተቀጠረችው በዚሁ ሙያዋ ነው።

ሌላ አመልካችም ነበር። የቬትናሙ የነጻነት ታጋይ ሆ ቺ ሚን እ.ኤ.አ. በ1945 ሐኖይ ላይ ነጻነት ሲያውጅ ንግግሩን የከፈተው ከአሜሪካ የነጻነት አዋጅ ላይ ጠቅሶ ነው። ለፕሬዚዳንት ትሩማን ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ላከ፤ መልስ ግን አልመጣም። ጨዋ ሰው የገዛ ቃሉን ከሌላ አፍ ሲሰማ ያፍራል መሰለኝ።

እርግጥ ነው፣ ሆ ቺ ሚን ኮሚኒስት ነበር። የተከተለው ገበሬ ግን ማርክስን አላነበበም፤ የሚያውቀው ጨው፣ አረቄና ኦፒየም በሞኖፖል የሚሸጥለትን ፈረንሳዊ ነው። ኮሚኒስቱን አርበኛ ለማድረግ ደግሞ ቅኝ ገዢውን መልሶ ፊቱ ከማቆም የተሻለ ዘዴ የለም። ዋሽንግተን ይህን ውለታ ሳትሰስት ዋለች።

ኮሚኒስቱ ማኦ በ1949 ቻይናን ሲይዝ ነገሩ አጣዳፊ ሆነ። ቅኝ ገዢን በግላጭ መርዳት ስም ያጎድፋልና አህያ ተፈለገ፤ ባኦ ዳይ የተባለ ንጉሥ ተገኘ። ፈረንሳይ የጦሩንም የውጭ ጉዳዩንም ልጓም ይዛ «ነጻ መንግሥት» አለችው፤ አሜሪካም በ1950 እውቅና ሰጠችው። ንጉሡም የአገራቸውን ነጻነት አብዛኛውን ጊዜ ከፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ ሆነው አጣጣሙት።

የዘበኛው ደመወዝ በ10 ሚሊዮን ዶላር ተጀመረ። በ1954 አሜሪካ ፈረንሳይ ከሆ ቺ ሚን ጋር ከገጠመችው ጦርነት ወጪ 80 በመቶ ገደማውን ትችል ነበር። የቬትናም ገበሬ ነጻነቱ ሲጠበቅለት ምንም አልከፈለም፤ ከሕይወቱ በቀር።

ለነገሩ ሒሳቡ የተሠራው በአውሮፓ ነው። ሶቪየትን ለመመከት ፓሪስ ታስፈልጋለች፤ ለታሰበው የአውሮፓ የጋራ ጦርም እሺታዋ ያሻል፤ ስለዚህ አታስከፏት ተባለ። እሷም ዶላሩን ተቀብላ የጋራ ጦሩን ውል በነሐሴ 1954 በገዛ ምክር ቤቷ ጣለችው።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ 7 ቀን ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር አገሮች እንደ ዶሚኖ ጠጠር እየተገፋፉ በኮሚኒስቶች እጅ እንደሚወድቁ አስረዱ። ልክ በወሩ፣ ግንቦት 7 ቀን፣ በዲየን ቢየን ፉ ውጊያ የወደቀው ግን ዘበኛው ሆነ።

አሠሪውስ ምን ተማረ? ዘበኛው ጥሎት የሄደውን ዱላ አነሣና ራሱ በሩ ላይ ቆመ። ሃያ ዓመት ያህል ቆመ። በ1975 ከሳይጎን ጣሪያ ላይ በሄሊኮፕተር ሲነሣ አንድ ነገር ታወቀ፤ ለካ መውጫውን አላጠናም ኖሯል።