የዘመኑ ዕቃ ወዳጅ፦ አኗኗሩና ፍርዱ

የዘመኑ ዕቃ ወዳጅ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአስኮ እንዳለፉ በቡራዩ፣ እንዲሁም በሰበታና በሱሉልታ በብዛት የሚገኝ የሰው ዓይነት ነው። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ወዳጁ ግን አድራሻውን ሲጠየቅ እስካሁን «ቡራዩ» ነው የሚለው፤ ማዘመን የሚወደው ስልኩን እንጂ አድራሻውን አይደለም። ዋና መለያው በእጁ ካለው ዕቃ ይልቅ ስለሌለው ብዙ ማወቁ ነው። የራሱ ስልክ መስታወቱ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተይዟል፤ ካሊፎርኒያ ገና የሚወጣው ስልክ ግን ካሜራው ለምን እንደማያረካ ቁጭ አድርጎ ያስረዳል። እውቀቱ የሚመጣው ከዩቲዩብ ነው። ፓኬጁ እንዳያልቅበት ቪዲዮውን ዝቅተኛው ጥራት ላይ አድርጎ ስለሚያይ፣ ስለ ስክሪን ጥራት የሚሰጠው ብያኔ ሁሉ ከደበዘዘ ምስል የተቀዳ ነው።

ይህም ሆኖ ፍርዱ ብዙ ጊዜ ልክ ሆኖ ይገኛል። ኩባንያዎቹ ዕቃቸውን የሚፈትኑት አየሩ በተስተካከለ ክፍል ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ በሐሳቡ ወደ ቡራዩ ያመጣውና መብራት ያጠፋበታል፣ ኔትወርክ ያሳጣዋል፣ በሐምሌ ጭቃ ያስኬደዋል። ከዚህ የተረፈ ዕቃ ጥቂት ነው።

ደረት ላይ የሚለጠፈውን የሂዩሜን ኩባንያ መሣሪያ ለምሳሌ እንውሰድ። በ2024 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ለገዢዎች መድረስ የጀመረው ይህ ዕቃ 699 ዶላር፣ ከዚያም በየወሩ 24 ዶላር ያስከፍል ነበር። ስክሪን አልነበረውም፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት እየታገዘ ጥያቄ ይመልስ፣ ጽሑፍ ደግሞ በብርሃን መዳፍ ላይ ያሳይ ነበር። የቡራዩ ብያኔ ከመጀመሪያው አጭር ነበር፦ «ኔትወርክ ሲጠፋ ውድ ቁልፍ ነው።» በተከታዩ ዓመት የካቲት ኩባንያው ንብረቱን በ116 ሚሊዮን ዶላር ለኤችፒ ሸጦ አገልግሎቱን ዘጋ። መሣሪያውም ኔትወርክ ባለበት አገር ሳይቀር ቁልፍ ሆኖ ቀረ።

3,499 ዶላር የሚያወጣው የአፕል የዓይን መሣሪያ ቪዥን ፕሮ ይበልጥ ያከራክራል፤ ወዳጁ ልቡ እዚያ ነው። ችግሩ አጠቃቀሙ ነው። መሣሪያው የሚታዘዘው አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን አየር ላይ በማገናኘት ነው። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራት በተጫነበት የአስኮ–ቡራዩ ታክሲ ውስጥ ዓይኑን ሸፍኖ አየር የሚቆነጥጥ ሰው፣ ረዳቱ ዘንድ መልስ እየጠየቀ ነው፤ ጎኑ ያሉት እናት ዘንድ ደግሞ ጠበል የሚያስፈልገው ነው። ባትሪውም በሽቦ ተንጠልጥሎ ኪስ የሚገባ ሲሆን የሚቆየው ሁለት ሰዓት ግድም ነው። መንገዱ በተዘጋጋ ቀን ወዳጁ ቡራዩ አሸዋ ሜዳ ሳይደርስ ወደ ገሃዱ ዓለም ይመለሳል ማለት ነው።

በስማርት ሰዓት ላይ ግን እውነተኛ ፈጠራ አሳይቷል። ሰዓቱ ቡራዩን የሚያውቃት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ሰባት ይላል። ወዳጁ የሰዓት ቀጠናውን ወደ ቦነስ አይረስ ይለውጠዋል። አርጀንቲና ከኢትዮጵያ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች እጁ ላይ ያለው ቁጥር ከግድግዳው ሰዓት ጋር ይገጥማል። ይባስ ብሎ ቀኑም የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ሳይሆን ጎሕ ሲቀድ በ12 ሰዓት ይሆናል፤ ይህን የመሰለ የአገር ልማድ አክባሪ ሰዓት አርጀንቲናም ያላት አይመስልም። ጉዳቱ ከውጭ አገር በፈረንጅ ሰዓት ተጽፎ የሚመጣ ቀጠሮ ነው፤ ያ ሁሌም በስድስት ሰዓት ያመልጠዋል። ሰዓቱ ጳጉሜንን ደግሞ ከነመኖሯም አያውቅም። የእንቅልፍ መቆጣጠሪያው በየጠዋቱ እንቅልፉ የተቆራረጠ መሆኑን ይነግረዋል፤ ጅብ ሲጮኽ፣ ውሻ ሲመልስ፣ የማኅሌቱ ድምፅ ማጉያ ሲከተል ላደረ ሰው ይህ ዜና አይደለም። በዐቢይ ጾም የሚሰገድ ስግደት ግን እንደ ስፖርት ሲቆጠር ማየት ያስደስተዋል።

ቤት የሚጠርገውን ሮቦት ቡራዩ በአንድ ቃል ጥላዋለች፦ ቄጠማ። ሮቦቱ የተሠራው ከወለል ላይ የተገኘን ሁሉ ቆሻሻ ብሎ እንዲወስድ ነው፤ የቡና ጉዝጓዝ ላይ የለቀቀው ሰው እዳው የራሱ ነው። ሮቦትን በተመለከተ ወዳጁ አሁንም የሚያነሣው የሶፊያን ጉዞ ነው። የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ በሶፍትዌሯ ሥራ የተሳተፈባት ይህች ሮቦት በ2010 ዓ.ም ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ፣ ከአካሏ የተወሰነውን የያዘ ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ጠፍቶባት ነበር። እንደ እሱ አስተያየት፣ ዲያስፖራ ዘመድ ኖሯት ቢሆን ወሳኙን ዕቃ በእጅ ሻንጣ ያዥ ይላት ነበር።

በድምፅ የሚታዘዙ ዕቃዎች የተሻለ ዕድል አላቸው። ጉግል በ2016 እ.ኤ.አ. አማርኛን ወደ ትርጉም አገልግሎቱ አስገባ፣ በማግሥቱ ዓመት በአማርኛ እየተናገሩ መጻፍን ጨመረ፣ በ2022 አፋን ኦሮሞን መተርጎም ጀመረ። ይሁንና የቡራዩ ቤተሰብ አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ያጋምሰዋል፤ ማሳረጊያውን «ኦኬ» ይለዋል። ይህን ያለችግር የሚረዳ ዕቃ ከተሠራ ወዳጁ ያለ ክርክር ይገዛዋል።

መግዛት ሲባል ዋጋውን ማንሣት ግድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 58 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ስልክ የገዛ ሁሉ በአንድ ሌሊት አርቆ አሳቢ ተባለ። ዓመት ሙሉ «ገንዘብ አባካኝ» ሲባል የኖረው ወዳጅ ያቺን ሰሞን አንገቱን ቀና አድርጎ ሄዷል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያነጋግረው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። በጥር 2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ሲያስታውቅ፣ ይህን በማድረግ ኢትዮጵያን የቀደማት አገር አልነበረም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ነዳጅ በዶላር ይገዛል፣ መብራት ግን ከገዛ ወንዝ ይመነጫል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻ ከ5,000 ሜጋዋት በላይ የማመንጨት አቅም አለው። ወዳጁ መኪናውን የሚያየው ጎማ እንዳለው ስልክ ነው። ስለ ፍሬኑ አይጠይቅም፤ «ስክሪኑ ስንት ኢንች ነው? ስንት ፐርሰንት ቀርቶታል?» ይላል። ከቻይና በቀጥታ የገቡት ብዙዎቹ የሚናገሩት በቻይንኛ ስለሆነ፣ ሦስት ቋንቋ የሚችል ቤተሰብ አራተኛውን ፍለጋ የስልኩን ካሜራ ዳሽቦርዱ ላይ ደቅኖ ያስተረጉማል። የጎረቤት አዛውንት ግን ጉዳዩን በሁለት ጥያቄ ይጨርሱታል።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ነዳጅ ካልጠጣ ምን በልቶ ነው የሚሄደው?»

«መብራት ነው አባባ።»

«እሺ፤ እሱስ ሲሄድ?»

ወዳጁ መልስ አለው። መብራት የሚሄደው ለሰዓታት ነው፤ ባትሪው ግን ቡራዩና መርካቶን ለቀናት ያመላልሳል፣ ሌሊት ሲመጣ ይሞላል። ይህ ትክክል ነው። ትክክል ያልሆነው፣ አጥር ግቢው ውስጥ አራት ተከራይ ባለበት አንድ ቆጣሪ ላይ መኪና መሰካቱ ነው። መኪናው ሲሞላ የሁሉም ምጣድ አብሮ ይቀዘቅዛል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ቡራዩ ላይ ያለው እውነተኛ ጠላት የእንጀራ ቀን ነው።

የወዳጁ ፍርድ የሳተው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር ሥራ ሲጀምር ቀልቡን አልሳበውም፤ ሳጥን የለው፣ ካሜራ የለው፣ ቀለም አይመረጥለት። ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ *127# ተብሎ የሚከፈት ነገር ለእሱ ቴክኖሎጂ አልነበረም። ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አለው፤ ጉሊት የተቀመጡት እናት የሽንኩርት ሒሳብ ይቀበሉበታል፤ ወዳጁም የተሰነጠቀውን መስታወት ሲያስቀይር የሚከፍለው በሱ ነው። በዚህ ዘመን ቡራዩ ከገባው ሁሉ የሰዉን ኑሮ የለወጠው ይኸው ነው፤ የዘመኑ ዕቃ ወዳጅ ግን ስለሱ እስካሁን አስተያየት የለውም።