ይንጫጫ፣ ተዉት!

ሐረር ውስጥ አሮጌ ፔጆ 404 ያለው ሰው ብዙ ነገር ሊቸግረው ይችላል፤ መካኒክ ግን አይቸግረውም። ፈላና በር ጥግ አቁሜ የሚንጫጫውን ሞተር ለማየት ኮፋኖ የከፈትኩ ዕለት አላፊ አግዳሚው ሁሉ መካኒክ ነው። ጫት ሻጯ ከመደቧ ሳትነሳ፣ «አቦ፣ ይሄ ቫልቭ ነው!» ትላለች። የባጃጁ ልጅ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ «ፋዘር፣ ካምሻፍቱ አልቋል፤ ለብረት ሽጠውና ተገላገል» ይለኛል። ከመስጊድ የሚመለሱ አንድ አዛውንት ደግሞ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ካዳመጡ በኋላ፣ «ልጄ፣ ገና ብዙ ያወራል፤ አላህ ያቆይልህ» ብለው መርቀው ያልፋሉ። ማንም የጠየቃቸው የለም። ገንዘብም አይቀበሉም፤ ምክራቸውን ያልሰሙ እንደሆነ ግን ይቀየማሉ።

አይፈረድባቸውም። ባጃጅ ከተማዋን ከመውረሱ በፊት የሐረር ታክሲ ማለት 404 ነበር። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ሲሰለፍ እያየ ያላደገ የሐረር ልጅ የለም። ፒኒንፋሪና የተባለው የጣሊያን ድርጅት ቅርጹን ነደፈው፤ ፈረንሳዮቹ በ1960 እ.ኤ.አ. ለገበያ አወጡት። በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ አሸንፏል። ፈረንሳይ ውስጥ የቤት መኪናው ምርት በ1975 ቆመ፤ ወሬው ሐረር የደረሰ ግን አይመስለኝም።

እንግዲህ ስለ ጩኸቱ እናውራ። 1,618 ሲሲ የሆነው ሞተር አራት ሲሊንደርና ስምንት ቫልቭ አለው። ካምሻፍቱ ታች ተኝቷል፣ ቫልቮቹ ላይ ናቸው። ታች ያለው ላይ ያለውን ለማዘዝ ረጅም ዘንግ ይገፋል፣ ዘንጉ ሮከሩን ያነሳል፣ ሮከሩ ቫልቩን ይጫናል። በሮከሩና በቫልቩ ጫፍ መካከል ደግሞ ሆን ተብሎ ክፍተት ይተዋል፤ ለአየር ማስገቢያው 0.10፣ ለጭስ ማውጫው 0.25 ሚሊ ሜትር። ብረት ሲሞቅ ይረዝማልና ይህች ክፍተት መርዘሚያው ናት። በዕድሜ ብዛት ጫፉ ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ያኔ «ቀ ቀ ቀ» ይጀመራል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፈታል፤ ስምንቱ ሲደመር 200 ጊዜ ነው። በከተማችን እንዲህ ያለ ወሬኛ የለም ልል ነበር፤ ጎረቤቶቼ እንዳያነቡት ፈርቼ ተውኩት።

እኔ ጩኸቱን ለምጄዋለሁ። ሰው ፊት ካፈርኩበትም መፍትሔ አለኝ፤ ፈረስ መጋላ ወርጄ መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ አፍ ላይ አቆማለሁ። ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን ሲያንጣጡት የኔ ሞተር ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል።

አንድ ጎረቤቴ ግን ጨዋ መኪና ፈለገ። የሱም 404 ነው፣ የሱም ይንጫጫል። አንድ ቀልጣፋ ወጣት አገኘና ጩኸቱ እስኪጠፋ ድረስ የሮከሮቹን ብሎኖች አጠበቀለት። መኪናው ዝም አለ። ሰፈሩ ቀና፤ «የሱን አታይም?» እየተባልኩ ተወቀስኩ። ታዲያ ጎረቤቴ ድሬዳዋ ወርዶ ሲመለስ ደንገጎ ዳገት ላይ መኪናው ማቃሰት ጀመረ፤ ከዚያ ቆመ። ሐረር የገባው በአይሱዙ ተጎትቶ ነው። አሁንም በጸጥታ።

ከፈላና በር ወጣ ብለው የሚሠሩት ሽማግሌ መካኒካችን የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አውርደው የተቃጠለውን የጭስ ማውጫ ቫልቭ አሳዩን፤ ጠርዙ ተቦርቡሯል። «ምን በደልኩት ጋሼ?» አለ ጎረቤቴ። «መቀመጫ ነሳኸው» አሉት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ሙቀቱ ከ700 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። አብዛኛውን ሙቀት የሚያስተላልፈው በተዘጋ ቁጥር መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ነው። ክፍተቱ ከጠፋና ቫልቩ ሲሞቅ ከረዘመ ደርሶ አይዘጋም፤ የሚነድ ጋዝ በጠርዙ እያፏጨ ይበላዋል። ሐረር ላይ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፤ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ እንዳይቀመጥ የተከለከለ ሰው ምን እንደሚሆን አገሩ ሁሉ ያውቃል።

ጥገናው ትዕግሥት ይጠይቃል። አዲሱን ቫልቭና መቀመጫውን በሸካራ ቅባት እያሹ ማጋጠም፣ ጓርኒሲዮን መቀየር፣ የቴስታታውን ብሎኖች በተራ ማጥበቅ አለ። የ404 ሲሊንደሮች ውኃ ውስጥ የቆሙ ተነቃይ ቱቦዎች ናቸው፤ ቴስታታው ወርዶ ሳለ ሳይታሰሩ ሞተሩ ከዞረ ከቦታቸው ይነሱና ውኃው ዘይት ውስጥ ይገባል። ረዳቱ ማኖቬላውን ይዞ ብቅ ሲል ታዲያ ሽማግሌው ብቻ ሳይሆኑ ጫት ሻጯም ጭምር «ኧረ ተው!» ብለው ጮኹ።

የክፍተቱ ልኬት ለማግስቱ አደረ፤ ሞተሩ መቀዝቀዝ አለበት። ማታ ፈላና በር የጅቦቹ ነው፤ ቱሪስቶች ጅብ ሲበላ ሊያዩ ይመጣሉ። አንዱ ፈረንጅ ጅቦቹን ትቶ ኮፋኖው የተከፈተውን 404 ፎቶ ሲያነሳ አመሸ። ጠዋት ሽማግሌው ፊለር ጌጁን ይዘው መጡ። ማኖቬላውን ቀስ እያሉ አዞሩ፤ የአራተኛው ሲሊንደር ሁለት ቫልቮች ተራ ሲለዋወጡ የአንደኛውን ለኩ፣ የአንደኛው ሲለዋወጡ የአራተኛውን፣ ሁለተኛና ሦስተኛውንም እንዲሁ። ስሱ ብረት ጥቂት እየተያዘ መሳብ አለበት፤ ዝም ብሎ ካለፈ ላልቷል፣ እምቢ ካለ ጠብቋል።

ሞተሩ ሲነሳ በስሱ «ቀ ቀ» አለ። ጎረቤቴ ፊቱ ጠቆረ። «አቦ አትዘን» አሉት ሽማግሌው፣ «ይሄ ጤናው ነው።»

አሮጌ መኪና ያላችሁ ሁሉ ስሙኝ። ጩኸቱ ከበረታ ብረት ይበላል፣ ጉልበትም ይቀንሳልና ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አስለኩት። በልኩ ከሆነ ግን ይንጫጫ፣ ተዉት! ሳትነኩት ድንገት ዝም ካለ ደንገጎን ሳትሞክሩ መካኒክ ጋ ሂዱ። ከደንገጎ በኋላ ከሆነ ወጪው የቴስታታ ነው።